በሩ ለምን “አልከፈት” ይላል? ስለ አማርኛው “እኔ” ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ከአዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የተማርኩት የቋንቋ ጥናት ነው። ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይም ሆነ ቅዳሜ ቡና ላይ “ለመሆኑ ምንድን ነው የምታጠኚው?” የሚለኝ ሰው አላጣም። መልሴ ሁልጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጀምራል፦ “በሩ አልከፈት አለ።” ከዚያ ጥያቄው ይዥጎደጎዳል። ደጋግመው የመጡትን እዚህ ጽፌያቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

“በሩ አልከፈት አለ” ምኑ ይገርማል?

ቀስ ብላችሁ በሉት። “አይከፈትም” ስለ እሱ ነው። “አልከፈትም” ግን ስለ እኔ ነው። “አልከፈት” ውስጥ የወደቀችው የመጨረሻዋ “ም” ብቻ ናት። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ ቃል በቃል ሲነበብ በሩ አፍ አውጥቶ “እኔ አልከፈትም” ብሏል።

በሩ ብቻውን አይደለም። “መኪናው አልነሳ አለ።” “ዝናቡ አልቆም አለ።” “ባቄላው አልበስል አለ።” “ልብሱ አልደርቅ አለ።” ክረምት ሲገባ እኛ ብሎክ የመጨረሻዋ ከአፍ አትጠፋም። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የግሱ ቅርጽ የ“እኔ” ነው። የሚወራው ግን ስለ ተናጋሪው አይደለም።

እኔን ከሁሉ የምታስደንቀኝ ደግሞ ይቺ ናት፦ “በሩ አልከፈትልኝ አለ።” “አል” ላይ ያለው “እኔ” በሩ ነው። “ልኝ” ላይ ያለው “እኔ” ደግሞ ቁልፍ ይዤ አራተኛ ፎቅ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። አንዲት ቃል ውስጥ ሁለት “እኔ” ተቀምጠዋል፤ አንዱ ሌላው አይደለም። ይህን ሰምቶ ግር ያለው ሰው ገጥሞኝ አያውቅም።

አንድ ነገር ልጨምር። ታክሲ ውስጥ “ወራጅ አለ!” ስንል ያለው “አለ” ሌላ ቃል ነው። እሱ ይጠብቃል፣ የመኖር ነው። የበሩ “አለ” ይላላል፣ የመናገር ነው። ፊደላችን ማጥበቂያ ምልክት ስለማይጽፍ ወረቀት ላይ አንድ ይመስላሉ።

አማርኛ ተናጋሪዎች በር ይናገራል ብለን እናምናለን ማለት ነው?

አይደለም። “ዝም አለ” ስንል ማንም “ዝም” የሚል ድምፅ አላወጣም። “ቁጭ አለ”፣ “ብድግ አለ”፣ “ደስ አለኝ” እንላለን፤ በአንዱም ውስጥ ንግግር የለም። አማርኛ “አለ”ን ከመናገር ሌላ ብዙ ሥራ አሸክሞታል።

ጥያቄው ግን ከጀርባው ትልቅ ጉዳይ አለው። ቋንቋችን አስተሳሰባችንን ይቀርጻል ወይ የሚለው ነው። በዚህ ስሙ ደጋግሞ የሚነሳው አሜሪካዊው ቤንጃሚን ሊ ዎርፍ ነው (1897–1941)። እንጀራው የእሳት አደጋ መድን ሥራ ነበር፣ ቋንቋ የሚያጠናው ከዚያ ጎን ለጎን ነው። “ቋንቋህ ያልሰየመልህን ማሰብ አትችልም” የሚለውን ጠንካራውን ሐሳብ ዛሬ የሚቀበሉት ተመራማሪዎች ጥቂት ናቸው። ለዘብ ያለው ሐሳብ ግን ማስረጃ አለው። ሩሲያኛ ለፈዘዘው ሰማያዊና ለደመቀው ሰማያዊ ሁለት የተለያዩ ስሞች አሉት፤ እኛ በሰው መልክ ላይ “ቀይ”፣ “የቀይ ዳማ”፣ “ጠይም” ብለን እንደምንለየው። በ2007 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ሁለት ሰማያዊዎች በሁለት የተለያዩ ስሞች ሥር ሲወድቁ የሩሲያኛ ተናጋሪዎች ልዩነታቸውን ፈጠን ብለው ይለያሉ። ፈጠን ማለት የሰከንድ ክፋይ ነው። ዓለሙ ሌላ አይሆንባቸውም።

ለበሩ ግን የኔ ማስረጃ ከሰፈሬ ነው። ጎረቤቶቼ በአፋን ኦሮሞ “ባልባልሊ በነሙ ዲዴ” ይላሉ። በሩ መከፈትን እምቢ አለ ማለት ነው። እዚያም በሩ እምቢተኛ ነው፣ ግን “እኔ” አላለም። እኛ ግቢ ሁለቱንም ቋንቋ እንደ ውሃ የሚጠጡ ልጆች አሉ። ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ስለ በሩ ያላቸው እምነት አብሮ አይሻገርም። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም በሩን በእርግጫ ነው የሚሉት።

ታዲያ ፈላስፎችን ምን አገባቸው?

ጠረጴዛን ማንም “ጠረጴዛ” ቢለው ጠረጴዛ ነው። “እኔ” ግን ተናጋሪው በተለወጠ ቁጥር አብሮ ይለወጣል። “አንተ”፣ “እዚህ”፣ “ዛሬ”፣ “ነገ” የሚሉትም እንደዚያው። ፈላስፎች ጠቋሚ ቃላት ብለው ለብቻ የሚያጠኗቸው ለዚህ ነው። አንድ ቃል ትርጉሙ ሳይለወጥ የሚያመለክተው ነገር እንዴት ይለዋወጣል?

በዚህ ጉዳይ ላይ ትልቁ ሥራ የዴቪድ ካፕላን ነው። ካፕላን በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሎስ አንጀለስ፣ የፍልስፍና መምህር ነበር። ጽሑፉ ከ1977 ጀምሮ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ በ1989 ታተመ። ካፕላን አንድ ጥብቅ ሕግ አወጣ። “እኔ” ምንጊዜም የሚያመለክተው አሁን አፉን ከፍቶ የሚናገረውን ሰው ነው፤ የሰው ቃል እንዳለ ካልተጠቀሰ በቀር። “እንዲህ አለ” በሚል ሐረግ ሥር ገብቶ የ“እኔ”ን ባለቤት የሚለውጥ ነገር በእንግሊዝኛ የለም፣ ሊጨመርበትም አይችልም አለ። ቢኖር ኖሮ ምን እንደሚባል ስም አውጥቶለታል፦ ጭራቅ።

ለእንግሊዝኛ ሕጉ ልክ ይመስላል። “ዳዊት ጀግና ነኝ ይላል” የሚለውን የኛን አባባል ያለ ጥቅስ ምልክት ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ብትወስዱት፣ ጀግናው ዳዊት መሆኑ ይቀርና እናንተ ትሆናላችሁ። በአማርኛ ግን ጀግናው ራሱ ዳዊት ነው። ልጅ አዋቂው እንደዚያ ነው የሚረዳው።

በ2003 ፊሊፕ ሽሌንከር የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪ ለጭራቆቹ ጠበቃ ቆመላቸው። ዋናው ማስረጃው አማርኛ ነበር። የካፕላን ሕግ የቋንቋ ሁሉ ሕግ አይደለም አለ። በዓመቱ፣ በ2004፣ ፕራናቭ አናንድና አንድሩ ኔቪንስ በቱርክ የሚነገረውን ዛዛኪን አመጡ። ከዚያ ወዲህ በምዕራብ ቻይና የሚነገረው ኡይጉርኛና ኔዝ ፐርስ የሚባለው የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝብ ቋንቋም ዝርዝሩ ውስጥ ገብተዋል። ዛሬ በዘርፉ ስለ “እኔ” የሚጽፍ ሰው አማርኛን ሳይጠቅስ ማለፍ ይቸግረዋል።

እዚህ ላይ ሁሌም ትንሽ እቆማለሁ። ከሽሌንከር ምሳሌዎች አንዳንዶቹ የተወሰዱት በ1995 ከወጣው የቮልፍ ሌስላው የአማርኛ ሰዋስው ነው። ሌስላው መቶ ዓመት የኖረ ሰው ነው፣ ከ1906 እስከ 2006። አብዛኛውን ዕድሜውን የኛን ቋንቋዎች ሲያጠና ነው የጨረሰው። ያስተምር የነበረውም በዚያው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሎስ አንጀለስ ነው። ሕጉና የሕጉ ማፍረሻ አንድ ግቢ ውስጥ ነበሩ ማለት ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይመታል። እኛ በየቀኑ ደረጃ ላይ ቆመን የምንለው ነገር ነው እኮ።

ጥቅስ ምልክት ስላልተደረገበት እንጂ ቃሉን እንዳለ መጥቀስ አይደለም ወይ?

ይህን የጠየቁኝ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው። ከሁሉም ጥያቄ ምርጡ ነው። ለመልሱ ሱቅ ድረስ እንሂድ።

እናቴ ዕቃ እንዳመጣ አዝዛኛለች። ሱቅ ስደርስ ጠፋኝ። ለባለሱቁ “እማዬ ምን አምጪ እንዳለችኝ ረሳሁት” አልኩት። አሁን ዓረፍተ ነገሩን ፍቱት። “አምጪ” የእናቴ ቃል ነው፤ ባለሱቁን እያዘዝኩት አይደለም። “ምን” ግን የኔ ነው። እናቴ “ምን አምጪ” አላለችኝም። “ዘይት አምጪ” ነው ያለችው። ጥቅስ የታሸገ ዕቃ ነው፣ የሌላውን ሰው ቃል እንዳለ ይይዛል። እኔ መሐሉ ገብቼ የራሴን “ምን” መሰንቀር ከቻልኩ ዕቃው አልታሸገም።

ሁለተኛው ማስረጃ ያው በራችን ነው። በሩ የተናገረውን እንዳለ ብጠቅስ ኖሮ ምን ይል ነበር? “አልከፈትልሽም።” ለኔ ነዋ የሚናገረው። እኛ ግን የምንለው “አልከፈትልኝ አለ” ነው። ግማሹ በበሩ አፍ፣ ግማሹ በኔ አፍ። “በሩ ‘አልከፈትልሽም’ አለኝ” ማለትም ይቻላል፤ ያኔ ግን ተረት የምናወራ ነው የሚመስለው። ጆሯችሁ ሁለቱን ለይቷቸዋል አይደል?

መምህሩ ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና “አርባ ዓመት አስተምሬ አላየሁትም” አሉኝ። እኔም ያየሁት ካሳዩኝ በኋላ ነው።

ሰምና ወርቅ ነው እንዴ?

አይደለም። ቅኔ ሆን ተብሎ ይዘረፋል፣ ለዚያም ዓመታት ይቆጠሩበታል። “አልከፈት አለ”ን ግን ትምህርት ቤት ያልገባ ሕፃን ያለ ጥረት ይለዋል።

በሮቹ ሲበዙስ? “አልከፈት አሉ” ነው “አንከፈት አሉ”?

እኔ የምለው “በሮቹ አልከፈት አሉ” ነው። ለሰዎች ግን “አንሄድም አሉ” እላለሁ። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ግዑዙ ነገር ሲበዛም ግሱ በነጠላው “እኔ” ላይ መቆየቱ፣ “አል… አለ” ከንግግር ዘገባ ወጥቶ “እምቢ አለ” የሚል የራሱ አገባብ ወደ መሆን እያዘነበለ መሆኑን ይጠቁማል። ስለዚህ ለካፕላን ሕግ ጠንካራው ፈተና በሩ አይደለም፣ “ዳዊት ጀግና ነኝ ይላል” ነው። በሩን የማስቀድመው ሰው ቶሎ ጆሮውን ስለሚያቆምለት ነው።

ይህ ሁሉ ስለ አእምሮ ምን ይነግረናል?

ለኔ የነገሩ ልብ እዚህ ነው። አንድ ምሳሌ ልፍጠር።

አንድ ሰው ከቤተሰቡ ጋር የድሮ የሠርግ ቪዲዮ ያያል። ጀርባውን ለካሜራው የሰጠ ወጣት እስክስታ ይወርዳል። ሰውየው “ይሄ ልጅ እስክስታ ይችላል!” አለ። ወጣቱ ራሱ ነው፣ የዛሬ ሃያ ዓመት። ግን አላወቀም። በማግስቱ ሚስቱ ለጎረቤት “ባሌ እስክስታ እችላለሁ አለ” ብላ ብታወራ እውነት ተናገረች?

ለብዙ ሰው አቅርቤዋለሁ። መልሱ ወዲያው ነው፦ “ኧረ በፍጹም! እንደዚያ አላለም።” “እስክስታ ይችላል አለ” ብትል ግን እውነቷን ነው። ሰውየው አንድ፣ ጭፈራው አንድ። የተለየው ሰውየው ጭንቅላት ውስጥ ያለው ነገር ብቻ ነው። ስለ ራሱ ተናግሯል፣ ግን ራሱ መሆኑን አላወቀም። አማርኛ “እችላለሁ አለ” የሚለውን ራሱን አውቆ ለተናገረ ሰው ብቻ ይሰጣል።

ፈላስፎች ይህን ልዩነት ሲያሳድዱ ቆይተዋል። ጆን ፔሪ በ1979 የጻፈው ታሪክ ታዋቂ ነው። ሱፐርማርኬት ውስጥ ወለሉ ላይ የፈሰሰ ስኳር አየ። ከረጢቱ እንደተቀደደ ለከረጢቱ ባለቤት ሊነግር መስመሩን ተከትሎ በመደርደሪያው ዙሪያ ዞረ፣ ደግሞም ዞረ። የሚያፈሰው ራሱ ነበር። ከመጀመሪያው ጀምሮ “አንድ ሰው ስኳር እያፈሰሰ ነው” ብሎ ያውቅ ነበር። ያ እውቀት ግን ጋሪውን አላስቆመውም። ያስቆመው “እኔ ነኝ” የምትለዋ ሐሳብ ናት። እሷን በሌላ ቃል ለመተካት ሞክሩ። “ጆን ፔሪ ነው”? ስሙን የረሳ ሰው ቢሆንስ? “ሰማያዊ ኮት የለበሰው ነው”? የለበሰውን ባያስተውልስ? ምንም አይተካትም።

ሌላም ትዕይንት አለ፣ ይኸኛው እውነተኛ ነው። የጎረቤቴ ልጅ አምስት ዓመቱ ነው። በሬን አንኳኩቶ “እማዬ ወንፊቱን ላኪልኝ ብላለች” ይለኛል። “ላኪ” የተባልኩት እኔ ነኝ። “ልኝ” እናቱ ናት። እሱ ራሱ መልእክቱ ውስጥ የለበትም። ጣቱን አፉ ውስጥ አድርጎ የእናቱን “እኔ” ይዞ ሦስት ፎቅ ወጥቷል። አንድም ቀን ወንፊቱ ለሱ የተፈለገ መስሎኝ አያውቅም።

ልጆች የሌላውን ሰው ሐሳብ መያዝ የሚችሉት ከስንት ዓመታቸው ጀምሮ ነው?

በዚህ ላይ ብዙ ሥራ አለ። ሃይንዝ ቪመርና ዮሴፍ ፔርነር በ1983 ያወጡት ሙከራ መንገድ ከፍቷል። በታሪኩ ውስጥ አንድ ልጅ ቸኮሌቱን አንድ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ ይወጣል። እናቱ ወደ ሌላ ቁም ሣጥን ታዛውረዋለች። ልጁ ሲመለስ የት ይፈልገዋል? ትንንሾቹ አሁን ያለበትን ቦታ ይጠቁማሉ። ከአራት ዓመት ገደማ ጀምሮ ግን ብዙዎቹ “መጀመሪያ ያስቀመጠበት” ይላሉ። እነሱ የሚያውቁትን ያ ልጅ እንደማያውቅ ገብቷቸዋል ማለት ነው።

ቤታችሁ በዳቦና በሁለት መሶብ መሞከር ትችላላችሁ። ልጁ ቢሳሳት ግን አትደንግጡ፣ አትቆጡትም እንዳትሉ ሳይሆን በእውነት አትቆጡት። የአንድ ልጅ የአንድ ቀን መልስ መለኪያ አይሆንም።

ይህ “እኔ” በኑሮ ላይ ችግር አይፈጥርም?

አንዳንዴ ይፈጥራል። አንድ ጊዜ ክፍለ አገር ሳለሁ ለወንድሜና ለአንድ ባለሱቅ ብር በስልክ ላክሁ። ወንድሜ ደውሎ “ባለሱቁ ብሩ አልገባልኝም ይላል” አለኝ። “ልኝ” የወንድሜ መሰለችኝ። ለሱ በድጋሚ ላክሁ። ያልገባው ለባለሱቁ ነበር።

ሁለቱም ንባብ በአማርኛ ይቻላል። ስለዚህ ገንዘብ፣ የሐኪም ውጤት ወይም የምስክርነት ቃል ሲሆን “እንደ”ን ተጠቀሙ፦ “ብሩ እንዳልገባለት ነገረኝ።” “ለት” ከሆነ ወንድሜ ሊሆን አይችልም። አስተርጓሚዎችና ጋዜጠኞች ይህን በተለይ ልብ ቢሉት እወዳለሁ። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም “እኔ”ው የማን እንደሆነ ተርጓሚው መወሰን አለበት። ከተሳሳተ የአንዱን ጥፋት ለሌላው ይሰጣል።

የኢትዮጵያ ፍልስፍና ሲባል ዘርዓ ያዕቆብ አይደለም ወይ?

የዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ የ1667 ሥራ ተብሎ ይታወቃል። ደራሲው ራሱ ነው ወይስ የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊ ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚለው ክርክር ዛሬም አላበቃም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ክሎድ ሰምነር ለሥራው ብዙ ደክመዋል። ክርክሩ መቀጠል አለበት። እኔ የምለምነው ስለ ፍልስፍናችን ስናወራ ብራናው ላይ ብቻ እንዳንቀር ነው። ማንም ተከራካሪ የማይነጥቀን ማስረጃ አፋችን ላይ አለ።

ዩኒቨርሲቲ ሳልገባ ምን ማድረግ እችላለሁ?

ብዙ። ለዚህ ጥናት ዕቃው ጆሮ ነው። የጎጃሙ፣ የወሎው፣ የጎንደሩ፣ የሸዋው ጆሮ በነዚህ ዓረፍተ ነገሮች ላይ ሁሌ አንድ ዓይነት ይፍረድ የሚል ሕግ የለም። አንድ ትንሽ ደብተር ያዙና የሰማችሁትን በዚያው ቀን ጻፉ። ሰው ስትጠይቁ “ትክክል ነው ወይ?” አትበሉ። ሰው ስለ ትክክል ሲጠየቅ የትምህርት ቤቱን መምህር ያስታውሳል። “እዚህ ላይ ‘እኔ’ የተባለው ማን ነው?” በሉት። ያኔ የራሱን ይነግራችኋል። ማንበብ ለምትፈልጉ ደግሞ ፕሮፌሰር ባዬ ይማም በአማርኛ የጻፉት የሰዋስው መጽሐፍ አለ። አይከብዳችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ግቡበት።

የኔ ደብተር እየሞላ ነው። ባለፈው ሳምንት የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ እጇ ሊጥ እንደሆነ ደረጃውን ሮጣ ወጣች። “ጻፊያት ቶሎ፣ ሳትጠፋኝ!” አለችኝ። ጻፍኳት፦ “እንጀራው ምጣዱን አልለቅ አለ።”